ቦምቡ፣ ልጁና መቀሱ፦ ስለ ፊልም ቅንብርና ስለ ልብ ሰቀላ

ለመሆኑ በሲኒማ ፊት የተቀመጠ ሰው ልቡ የሚሰቀለው በምን ምክንያት ነው? በካምፓችን የቪዲዮ ቤት ከሚታዩት ፊልሞች አብዛኞቹ የወንጀልና የስለላ ስለሆኑ ጥያቄው ለማናችንም እንግዳ አይደለም። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ በጥድፊያ ይሰጣል። «ፊልሙ ፈጣን ነው» ይባላል። ተኩሱ፣ ሩጫው፣ የመኪናው ግልብጥብጥ ይቆጠራል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሚለው ተቃራኒውን ነው። ልብ ሰቀላ ከፍጥነት አይወለድም፤ ከማስጠበቅ ይወለዳል። ይህን የማስጠበቅ ሥራ የሚሠራውም በአብዛኛው ተዋናዩ አይደለም፤ ከዳይሬክተሩ ጎን ተቀምጦ ቁርጥራጩን ምስል የሚቆርጠውና የሚቀጥለው ሰው ነው። ድሮ በመቀስና በማጣበቂያ፣ ዛሬ በኮምፒዩተር ይሠራል፤ ሥራው ግን ያው ነው።

ፈረንጆች ኤዲቲንግ የሚሉትን ይህን ሥራ እኛ ቅንብር እንበለው። አቀናባሪው የሚወስነው ሦስት ነገር ነው፤ የትኛው ምስል ይታይ፣ ከየትኛው ምስል አጠገብ ይቀመጥ፣ ለምን ያህል ጊዜ ይቆይ። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ሆኖም ሩስያዊው ኩሌሾፍ አደረገው ተብሎ በሚተረከው ሙከራ፣ የአንድ ተዋናይ አንድ ዓይነት ፊት ከሾርባ ሳህን አጠገብ ሲቀመጥ የተራበ፣ ከሬሳ ሳጥን አጠገብ ሲቀመጥ ያዘነ መስሎ ታየ ይባላል። ፊቱ ግን አልተለወጠም። ሁለቱን ምስሎች ያጋባቸው የተመልካቹ የራሱ አእምሮ ነው። አቀናባሪው እንግዲህ በፊልም ብቻ ሳይሆን በእኛም ይሠራል ማለት ነው።

አንዱን ስፍራ ከሌላው እያፈራረቁ ማሳየትም ቢሆን ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ተረት አዋቂ ሽማግሌ ሁሉ «እሱን እዚያው እናቆየውና ወደ ልጅቱ እንመለስ» ይል የለ? አሜሪካዊው ግሪፊዝ በ1909 «ብቸኛዋ ቪላ» በሚለው አጭር ፊልም ያደረገው ይህንኑ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሌቦቹ በር ይሰብራሉ፤ እናትና ልጆቿ ከውስጥ ይንቀጠቀጣሉ፤ አባት ከሩቅ እየገሠገሠ ነው። ሦስቱ ስፍራዎች እየተፈራረቁ ይታያሉ። አባት ይደርሳል፤ እኛም እንተነፍሳለን። ከዚያ ወዲህ ይህን ያልተጠቀመ የወንጀል ፊልም ማግኘት ይቸግራል።

ድንጋጤና ልብ ሰቀላ ግን አንድ አይደሉም። እንግሊዛዊው ዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክ ልዩነቱን ያስረዳበት ምሳሌ የታወቀ ነው። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ሲጫወቱ ከሥር የተቀመጠ ቦምብ ድንገት ቢፈነዳ ተመልካቹ ለጥቂት ሰከንድ ይደነግጣል። ነገር ግን ቦምቡ መኖሩንና የሚፈነዳበትን ሰዓት ተመልካቹ አስቀድሞ ቢያውቅ፣ ሰዎቹ ደግሞ ባያውቁ፣ ያው ተራ ጨዋታ ለሩብ ሰዓት ያህል ያስጨንቀዋል። «ተነሡ እንጂ!» ብሎ ሊጮኽ ይቃጣዋል። ስለዚህ ልብ የሚሰቅለው የተደበቀው ነገር አይደለም፤ አስቀድሞ የተነገረን ነገር ነው። ብዙ ጀማሪ ጸሐፊዎቻችን በዚህ ይሳሳታሉ። ታሪኩን ሁሉ ሸሽገው በመጨረሻው መስመር ላይ ሲገልጡት አንባቢውን ያስደነግጡት ይሆናል፤ ልቡን ግን አልሰቀሉትም።

ይህን በሚገባ የሚያሳይ አንድ ፊልም እንምረጥ። ሂችኮክ በ1936 በእንግሊዝ አገር የሠራው «ሳቦታዥ» ነው፤ በእኛ ቋንቋ «አሻጥር» ልንለው እንችላለን። ያቀናበረው ቻርልስ ፍሬንድ ነው። ባለቀለም አይደለም፤ የድምፁም ጥራት የዘመኑን ያህል ነው። ስለሆነም ወጣቶቻችን አይተውት እንዳያዛጉ እሠጋለሁ። ግን ይታገሡት።

ቨርሎክ የሚባል ሰው በለንደን ከተማ ትንሽ ሲኒማ ቤት አለው። ሚስቱ ትኬት ትቆርጣለች፤ ስቲቪ የሚባል ታናሽ ወንድሟም አብሯቸው ይኖራል። ባልየው ግን በሥውር ለገንዘብ ሲል የአሻጥር ሥራ የሚሠራ ሰው ነው። ቦምብ በፒካዲሊ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ከዕቃ ማስቀመጫ ክፍል እንዲያስገባ ይታዘዛል። የሚፈነዳው በፈረንጅ 1፡45፣ በእኛ ለስምንት ሩብ ጉዳይ ላይ ነው። መርማሪ ፖሊስ ስለሚከታተለው ራሱ መውጣት አልቻለም። ስለዚህ ጥቅሉን ለልጁ ይሰጠዋል፤ ከሁለት የፊልም ቆርቆሮ ጋር አሸክሞ፣ ሳትዘገይ አድርስ ብሎ ይልከዋል። ልጁ ምን እንደያዘ አያውቅም። እኛ እናውቃለን።

ከዚህ በኋላ ያለውን መንገድ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። በመጀመሪያ አንድ የመንገድ ላይ ሻጭ ልጁን ይይዘዋል፤ ወንበር ላይ አስቀምጦ የጥርስ ሳሙናውንና የፀጉር ቅባቱን በእሱ ላይ ለገበያተኛ ያሳያል። ሰዉ ይስቃል። ቀጥሎ የከንቲባው የክብር ሰልፍ መንገዱን ይዘጋዋል፤ ልጅ ነውና ቆሞ ያያል። በመጨረሻ አውቶቡስ ይሳፈራል። የዚያ ዘመን ፊልም በቀላሉ የሚቀጣጠል ስለነበረ በአውቶቡስ መያዝ ክልክል ነው፤ ትኬት ቆራጩ ግን ደግ ሰው ነውና ይፈቅድለታል። ከአጠገቡ ቡችላ የያዘች ሴት ተቀምጣለች፤ ልጁ ከቡችላው ጋር ይጫወታል። ደግነትም፣ ሣቅም፣ ጨዋታም ሁሉ ወደ ሞት ያቀርቡታል። ሌላ ጊዜ ብናየው ደስ የሚለን ነገር ሁሉ እዚህ ያስጨንቀናል። በፊልሙ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ጭካኔ የለም፤ ጭካኔውም የተሠራው በቃል ሳይሆን በቅንብር ነው።

እንዴት? አቀናባሪው በየመሀሉ የአደባባይ ሰዓት ያስገባል። ሰዓቱ በታየ ቁጥር ልጁ የዘገየው ምን ያህል እንደሆነ እንቆጥራለን። አውቶቡስ ውስጥ ከገባን በኋላ ምስሎቹ እያጠሩ ይመጣሉ፤ የልጁ ፊት፣ ጥቅሉ፣ ቀይ የትራፊክ መብራት፣ የተጨናነቀው መንገድ፣ ሰዓቱ፣ እንደገና ጥቅሉ። ጥቅሉ በወረቀት የተጠቀለለ ተራ ዕቃ ነው፤ አይንቀሳቀስም፤ ድምፅም የለው። አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከዚያ ጎን እየታየ ሲመላለስ ግን ሕይወት ያለው ፍጡር ይመስላል። በመንገዱ መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ ምስል ረጅም ጊዜ ይቆይ ነበር፤ ሻጩ ጥርሱን እስኪቦርሽለት ድረስ ቆመን አይተናል። መጨረሻው ላይ ምስሎቹ የሚጣደፉት መጀመሪያ ላይ ስለዘገዩ ነው። ያ ዝግታ ባይኖር ይህ ጥድፊያ ሁከት ብቻ ይሆን ነበር።

ከዚያ በኋላ አውቶቡሱ ይፈነዳል። ልጁ ይሞታል፤ ቡችላውም፣ ሴትዮዋም፣ ደጉ ትኬት ቆራጭም።

እዚህ ላይ ክርክር አለ። ሂችኮክ በ1962 ከፈረንሳዊው ዳይሬክተር ከትሩፎ ጋር ባደረገውና በ1966 በመጽሐፍ በወጣው ረጅም ቃለ ምልልስ፣ ልጁን መግደሉ ከባድ ስሕተት እንደነበረ ተናግሯል። ምክንያቱም ተመልካቹን ያን ያህል አስጨንቆ እፎይታ መንሣት አይገባም፤ ተመልካቹ ይቀየማል። ትሩፎም ልጅን በፊልም መግደል የሲኒማን ኃይል ያላግባብ ወደ መጠቀም የሚያደርስ ነው ይላል። በጽሑፍ ክበባችን ውስጥም በዚሁ ጉዳይ ሁለት ወገን ተፈጥሮ ነበር። አንዳንዶች «ከመካከላችን እውነተኛ ፍንዳታ ያየ፣ ልጁን የቀበረ ሰው ሞልቶ ሳለ ይህ ለመዝናኛ ይቀርባል ወይ?» ብለዋል። ጥያቄው ሊናቅ የሚገባው አይደለም።

እኔ ግን ከራሱ ከሂችኮክ ጋር አልስማማም። ቦምቡ ሳይፈነዳ፣ አንድ ጀግና ደርሶ በመስኮት ወርውሮት ቢሆን ኖሮ፣ ያ ሁሉ ጭንቀት ተራ መዝናኛ ይሆን ነበር። ያን ጊዜ ነበር መቀየም የሚገባን። ቦምብ እንደሚፈነዳ፣ ሲፈነዳም የሚያገኘው ያልታሰበውን ሰው እንደሆነ የምናውቅ ሰዎች፣ በየፊልሙ ሦስት ሰከንድ ሲቀረው የሚከሽፈውን ቦምብ ማመን አቁመናል። የአውቶቡሱ ትዕይንት ይታመናል። ጥያቄው ልጁ ሞተ ወይስ አልሞተም አይደለም። ዳይሬክተሩ ከሞቱ በኋላ ምን አደረገ? ልጁን ረሳው ወይስ አስታወሰው?

በዚህ ረገድ ፊልሙን ከምንጩ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። ታሪኩ የተወሰደው ጆሴፍ ኮንራድ በ1907 ካሳተመው «ዘ ሲክሬት ኤጀንት» ከሚባለው ልብ ወለድ ነው፤ እሱም በ1894 በለንደን ግሪንዊች መናፈሻ በደረሰ እውነተኛ ፍንዳታ ላይ የተመሠረተ ነው። በልብ ወለዱ ውስጥ የልጁን ሞት አናይም፤ ከሆነ በኋላ በወሬ እንሰማለን፤ ቀስ በቀስም እንረዳለን። ማለትም ኮንራድ ልባችንን አልሰቀለም፤ ሐዘኑን ብቻ ሰጠን። ሂችኮክ ሁለቱንም ሊሰጠን ሞከረ። ሲኒማ ሞትን ከመድረሱ በፊት ማስቆጠር መቻሉ ትልቅ ኃይል ነው፤ ኃይሉም ዕዳ አለበት።

ዕዳው የሚከፈለው በሁለት ትዕይንት ነው። የመጀመሪያው አጭር ነው። ሚስትየዋ መርዶውን ሰምታ በራሳቸው ሲኒማ ቤት ከሕፃናት መካከል ትቀመጣለች። የዋልት ዲስኒ የወፎች ካርቱን እየታየ ነው። ሕፃናቱ ይስቃሉ፤ እሷም ሳታስበው ትስቃለች፤ ከዚያ ካርቱን ውስጥ ወፏ በቀስት ትወጋለች፤ ሣቋ ፊቷ ላይ ይደርቃል። ሁለተኛው የእራት ጠረጴዛው ነው። ባልየው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተቀምጦ ስለ አትክልቱ ያጉረመርማል። እሷ ምግብ ታወጣለች፤ በእጇ የሥጋ መቁረጫ ቢላዋ አለ። አቀናባሪው የአውቶቡሱን ዘዴ እዚህ ይደግመዋል፤ እጇ፣ ቢላዋው፣ የባሏ ፊት፣ የልጁ ባዶ ወንበር፣ እንደገና ቢላዋው። ቢላዋውን አስቀምጣ በሹካ ልታወጣ ትሞክራለች፤ እጇ ግን ተመልሶ ይሄዳል። ባልየው እጇን ያያል፤ ያያትንም እናያለን። ንግግር የለም ማለት ይቻላል። ቢላዋው ሲገባ ማን ወደ ማን እንደተጠጋ እንኳ በእርግጥ መናገር ያስቸግራል።

ጥቅሉ በአውቶቡስ ውስጥ እንደታየ ቢላዋው በጠረጴዛ ላይ ታየ። ያ ልጅ ሲሞት የተጠቀሙበት መቀስ ነው ለሞቱ መልስ የሰጠው። ልብ ወለዱ ውስጥም ሚስትየዋ ባሏን በቢላዋ ትገድለዋለች፤ ኮንራድ ግን ብዙ ገጽ ፈጅቶበታል። ፊልሙ በጥቂት ደቂቃ፣ በዓይንና በእጅ ብቻ ይጨርሰዋል።

የአንድ ፊልም ብቻ ብልሃት አለመሆኑን ለማሳየት ጂሎ ፖንቴኮርቮ በ1966 ያወጣውን «የአልጀርስ ጦርነት» እንጥቀስ። ይህ የወንጀል ፊልም አይደለም፤ አልጄሪያውያን ከፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ለመውጣት ያደረጉትን ትግል የሚያሳይ ነው። ፈረንሳዮች በካዝባ ሠፈር ሌሊት ባፈነዱት ቦምብ ሕፃናት ያልቃሉ፤ ቀጥሎ ሦስት ሴቶች እንደ አውሮፓውያን ለብሰው፣ የፍተሻ ኬላውን አልፈው፣ ቦምብ በቅርጫትና በቦርሳ ይዘው ወደ ፈረንጆቹ ሠፈር ይገባሉ። አንደኛዋ ቡና ቤት ስትቀመጥ ዓይኗ በሰዎቹ ላይ ይዞራል። ካሜራው ዓይኗን ተከትሎ ያሳየናል፤ የሚጠጡትን፣ የሚስቁትን፣ አይስክሬም የሚልስ አንድ ሕፃን። ከዚያ ሰዓቱን። ዳይሬክተሩ ለአልጄሪያውያኑ የሚያደላ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ሆኖም የሚሞቱትን ሰዎች ፊት ሳያሳየን አላለፈም። ሕፃኑን ቆርጦ ቢያወጣው ተመልካቹ በቀላሉ ያጨበጭብ ነበር። ያን ምስል በቦታው ለመተው መወሰን ከብዙ ንግግር ይበልጣል። ሰዓቱ ሲቆጥር የማንን ፊት እናያለን? በእኔ አስተያየት አንድ የዚህ ዓይነት ፊልም መመዘን ያለበት በዚህ ጥያቄ ነው።

መጨረሻው የታወቀ ታሪክስ ልብ ይሰቅላል ወይ? ይሰቅላል። ፍሬድ ዚነማን በ1973 የሠራው፣ ራልፍ ኬምፕለን ያቀናበረው «ዘ ዴይ ኦፍ ዘ ጃካል» የፈረንሳይን ፕሬዚዳንት ደጎልን ለመግደል የተቀጠረ ሰው ታሪክ ነው። ደጎል በ1970 በተፈጥሮ ሞት መሞታቸውን ተመልካቹ ሁሉ ያውቃል። ይህም ሆኖ እንጨነቃለን። ምክንያቱም ገዳዩ ሥራውን ሲያዘጋጅ በትዕግሥት እናያለን፤ መሣሪያውን ለመሞከር ሐብሐብ ከዛፍ ላይ ሰቅሎ ይተኩሳል፤ መነጽሩን ያስተካክላል፤ እንደገና ይተኩሳል፤ በመጨረሻ ሐብሐቡ ይበታተናል። ሙዚቃ የለም። ፖሊሱ ደግሞ በሌላ በኩል ቀኑንና ስሙን እየፈለገ ነው። ሁለቱ እየተፈራረቁ አንድ ቀጠሮ ላይ ይደርሳሉ። ይኸው ዚነማን በ1952 በሠራው «ሃይ ኑን» በሚባለው የከብት ጠባቂዎች ፊልምም እንዲሁ ነው፤ ባቡሩ እኩለ ቀን ላይ ይገባል፤ የግድግዳው ሰዓት ይመታል፤ የከተማው ሰዎች ፊት ተራ በተራ ይታያል።

ልብ ሰቀላ ቀጠሮ ይፈልጋል ማለት ነው። ሰዓቱ ያልታወቀ መጠበቅ ሰውን ያደክመዋል እንጂ ልቡን አይሰቅለውም፤ ይህን ለዚህ ካምፕ ነዋሪ ማስረዳት አያስፈልግም። ምናልባትም እነዚህን ፊልሞች ቁጭ ብለን የምንጨርሳቸው ለዚህ ይሆናል፤ ቢያንስ በእነሱ ውስጥ ለስምንት ሩብ ጉዳይ የሚባል ነገር አለ።

አሁን አሁን የሚመጡት ፊልሞች አብዛኞቹ ይህን ትተውታል። ምስሉ ዓይን ሳያርፍበት ይለወጣል፤ ማን እንደተመታ፣ ማን እንደወደቀ ሳይታወቅ ትዕይንቱ ያልቃል። ፈጣን ቅንብር መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ሂችኮክ ራሱ በ1960 በሠራው «ሳይኮ» ውስጥ ሴትየዋ በሻወር ቤት የምትገደልበት ትዕይንት 45 ሰከንድ ገደማ ነው፤ ለመቅረጽ ግን አንድ ሳምንት ፈጅቷል፤ ምስሎቹም እንደ ቢላዋ ይፈራረቃሉ። ነገር ግን ያ ፍንዳታው ነው፤ ከፍንዳታው በፊት ረጅም ዝግታ ነበር። የዛሬዎቹ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ስለሚያፈነዱ የሚጠበቅ ነገር አይተዉልንም። የሚሞተውም ሰው ፊት የለውም። ሃያ ሰው ወድቆ አንዱን እንኳ የማናስታውስበት ፊልም ያደነቁረናል እንጂ አያስጨንቀንም።

ስለ ተርጓሚያችንም አንድ ቃል። በቪዲዮ ቤታችን ፊልሙን በአማርኛ የሚያሰማን ወንድማችን የሚሠራው ሥራ ቀላል አይደለም፤ ያለ እሱ ብዙዎቻችን ግማሹን አንረዳም። ግን ዝምታ ሲመጣ አይወድም። «አሁን ይገድላታል! አሁን በሩን ይከፍታል!» እያለ ይሞላዋል። ዝምታውን አቀናባሪው በብዙ ድካም ያስቀመጠው መሆኑን ቢያስብልን መልካም ነው።

«ሳቦታዥ» 76 ደቂቃ ያህል ነው፤ የክበባችን አባላት ዘንድ ይገኛል፤ መብራት ባለበት ምሽት እንዲታይም ተጠይቋል። እውነተኛ ፍንዳታ ለማየት ልቡ የማይችል ሰው ካለ፣ የአውቶቡሱ ትዕይንት የሚመጣው ከፊልሙ አጋማሽ በኋላ ስለሆነ ያን ጊዜ ወጥቶ ለካርቱኑ ሊመለስ ይችላል። ተርጓሚያችንን ደግሞ የምንለምነው፣ ልጁ አውቶቡሱ ላይ እግሩን ካነሣበት ጊዜ ጀምሮ ምንም እንዳይል ነው።